በማን ላይ ሸፈተ?

ባለፈው ዓመት ለቅሶ ልደርስ ወረባቦ ሄጄ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነው። እንደምታውቁት ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት አይመስልም። ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀነጠባል፣ የሞተው ሰው ጥቂት ይረሳና የድሮ ሰዎች ይነሳሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በአገጫቸው ወደኔ ጠቆም አደረጉና፣ «የዚህ ልጅ የእናቱ አጎት እኮ ሽፍታ ነበር» አሉ።

ስድብ አልነበረም። «አጎቱ እኮ ቃዲ ነበር» የሚል ሰው ድምፅ ነበር። እኔም ደረቴን ትንሽ ነፋ ሳላደርግ አልቀረሁም።

አጠገቤ የእህቴ ልጅ ተቀምጣለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ። ጆሮዬ ስር ልታንሾካሹክ ብላ ቤቱ ሁሉ ሰማት።

«ሌባ ነበር ማለት ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሲኒ እንኳን አልተንኳኳም። ዝምታውን የሰበረችው አያቴ ናት።

«ሌባስ አይደለም» አለች። «ሸፈተ እንጂ መቼ ሰረቀ አልን?»

ከዚያ ሁለተኛው ቡና ዞረ፤ ወሬውም ወደ ዝናቡ ዞረ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ልጅቷ አልተሳሳተችም። እሷ በምትሰማው አማርኛ ሽፍታ ማለት መንገድ ላይ ቆሞ የሚዘርፍ ሰው ነው። አያቴም አልተሳሳተችም። አንድ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በአንድ ቃል ሁለት ሰው ነው የሚያዩት። ደሴ ተመልሼ ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ቃል ሳኝካት ሰነበትኩ።

መጀመሪያ የገረመኝ ሰዋስዉ ነው። ሰረቀ ስትሉ ወዲያው «ምን?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። በግ፣ ገንዘብ፣ ሞባይል። ቀማም፣ ዘረፈም እንደዚያው ናቸው፤ የተወሰደ ዕቃ ይፈልጋሉ። ሸፈተ ግን ዕቃ አይፈልግም። «በግ ሸፈተ» የሚል ሰው የለም። ሸፈተ የሚፈልገው ሰው ነው። በማን ላይ? በንጉሡ ላይ፣ በራስ እገሌ ላይ፣ በጭቃ ሹሙ ላይ። ቃሉ የሚነግረን ሰውየው ምን ወስዶ እንደሄደ አይደለም፤ ማንን ትቶ እንደሄደ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም የራሱ ነው። በገጠር ሰው ፊት «እገሌ ሸፈተ» በሉ፤ መጀመሪያ የምትሰሙት «ምን አድርገውት?» የሚል ነው። ሌባን ምን አድርገውት ሰረቀ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሽፍታን ግን ይጠየቅለታል። መሬቱን ነጥቀውት ይሆናል፤ ፍርድ አጉድለውበት፣ ሚስቱን ደፍረውበት ይሆናል፤ ወይም እሱ ራሱ ሰው ገድሎ ደም ፈርቶ ይሆናል። መልሱ ጥሩ ላይሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ቃሉ ውስጥ አብሮ ተፈጥሯል።

የእናቴ አጎት ያው የመጨረሻው ዓይነት ነው። ታሪኩን በልጅነቴ በቁርጥራጭ ነበር የሰማሁት፤ ለቅሶው ላይ ነው የተሟላልኝ። በግጦሽ ድንበር ተጣላ፣ ሰው ገደለ፣ በዚያችው ሌሊት ምንሽሩን ይዞ ወደ ቆላው ወረደ። ከወረባቦ ቁልቁል ከተሄደ አፋር ነው። እዚያ ወዳጆች ነበሩት፤ ባቲ ገበያ የተዋወቃቸው። የባቲ ሰኞ ገበያ ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኙበት ነው። ጨውና ግመል ከታች ይመጣል፣ እህል ከላይ ይወርዳል፣ ወዳጅነትም አብሮ ይሸመታል። ስንት ዓመት እንደቆየ አያቴ ስትናገር አንድ ጊዜ አምስት ትላለች፣ አንድ ጊዜ ሰባት።

ዘረፈ ወይ? ጠየቅኋት። የሰጠችኝ መልስ እስካሁን ያስቀኛል። «ምን ይብላ ታዲያ?» አለች።

እዚህ ላይ ራሴን አላታልልም። ሽፍታን ድሃ አዛኝ፣ ባለጠጋ ዘራፊ አድርጎ የመሳል ልማድ አለን። የእናቴ አጎት ያስቆመው ነጋዴ ባለጠጋ ነበር ብዬ የምምልበት ምክንያት የለኝም። አንድ አህያ በርበሬ የጫነ ሰውም ነጋዴ ነው። ቤቱ ልጆች ይጠብቁት ይሆናል። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ ብሎግ ቢጽፍ ሌላ ነገር ይጽፍ ነበር።

ወሎ ላይ ግን ሸፍቶ መቅረት የለም፤ መመለሻ አለው። መመለሻው አበጋር ነው። ከወሎ ውጭ ላደጉ ሰዎች ላስረዳ። አበጋር ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው። ሹመቱ ከመንግሥት የሚመጣ አይደለም፤ በዘር ይወርዳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማዋል፤ በአፋርና በደገኛው መካከል ደም ሲፈስም የሚገባው እሱ ነው። አበጋር ሲገባ የገዳይ ወገን አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፣ የሟች ወገን ይለመናል፣ የደም ካሳው ይቆረጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሁለቱም ወገን ይምላል። ከመሐላው በኋላ ቂሙን ያነሳ ሰው የሚጣላው ከጎረቤቱ ጋር አይደለም፤ ከአበጋሩ ጋር፣ ከአላህ ጋር፣ ከአገሩ ሁሉ ጋር ነው።

የእናቴ አጎት እንደዚያ ገባ።

ይህች «ገባ» የምትባል ቃል ትገርመኛለች። ሽፍታ ሲወጣ «ዱር ገባ» ይባላል። ሲመለስም «ገባ» ይባላል። ጨርሶ ሌላ ግስ አላስፈለገውም። «ያ ሽፍታ ገባ እኮ!» ከተባለ፣ ሰምቶ ግራ የሚጋባ የለም፤ ሰላም ገብቷል ማለት ነው። እጁን ሰጠ የሚለው አነጋገር ከባድ ነው፣ ውርደት አለበት። ገባ ግን ቀላል ነው። ውጭ አምሽቶ ቤቱ እንደገባ ሰው።

ከገባ በኋላ ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ? ነጭ ለባሽ። በጃንሆይ ዘመን የገጠሩን ጸጥታ የሚጠብቁት እነሱ ነበሩ። ሽፍታ ማሳደድ ሥራቸው ነው። አውራጃው አስቦበት ይመስለኛል። የሽፍታን መንገድ ከሽፍታ በላይ ማን ያውቃል? ያው ምንሽር፣ ያው ገደል፣ ያው ሰው። የተለወጠው ስሙ ብቻ።

ይህን ነገር ከአንድ ሰፈር አውጥታችሁ አገር ላይ ብትዘረጉት የኢትዮጵያ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ይሆናል። ደግሞም ከሞላ ጎደል ወሎን እየነካካ የሚሄድ ታሪክ ነው።

የቋራው ካሳ በማን ላይ ሸፈተ? በራስ አሊ ላይ። ራስ አሊ የየጁ ሰው ነው፣ የእኛው። እናቱ እቴጌ መነን ደግሞ የወሎ ባላባት ልጅ። ካሳን በጦር ሞከሩት፤ አልሆነም። ከዚያ ያደረጉት ነገር ልክ ሰፈራችን የሚደረገው ነው። የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ድረው አስገቡት። ካሳ ገባ። ቆየና እንደገና ሸፈተ። በ1845 አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል አደረገ፣ በ1847 ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የትናንቱ ሽፍታ የዛሬው ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ የትናንቱ ገዢ ደግሞ ሥልጣኑን ለቆ ሸሸ።

ቴዎድሮስ ከነገሠ በኋላ መጀመሪያ ከዘመተባቸው አገሮች አንዱ ወሎ ነው። ያልገበረው የወሎ ባላባት ሁሉ አሁን ሽፍታ ተባለ። ቃሉን ያስባለው ደግሞ ማን ነው? ዕድሜውን በሽፍትነት የፈጀው ሰው።

ስለ እሱ አንድ ወግ አለ፤ እውነትም ይሁን ተረት እወደዋለሁ። ንጉሡ «ገበሬ ይረስ፣ ነጋዴ ይነግድ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ» ብለው አዋጅ ያስነግራሉ። ይህን የሰሙ ሽፍቶች መሣሪያቸውን እንደያዙ ይመጡና፣ «የኛ የአባታችን ሥራ መንገድ ላይ መቀማት ነው፤ ይህንንም አፄ ዳዊት ነው የፈቀዱልን» ይላሉ። ንጉሡ በሬና ሞፈር ልስጣችሁ ቢሏቸው እምቢ። «እንግዲያው ሂዱ» አሏቸው። ደስ ብሏቸው ሲሄዱ ፈረሰኛ ላኩባቸው። ፈረሰኛው ደርሶ፣ «ለናንተ አፄ ዳዊት መቀማት ከፈቀዱ፣ ለኛ ደግሞ ቅዱስ ላሊበላ ቀማኛን መቁረጥ ፈቅደውልናል» አለ ይባላል። ወጉን ስሰማ ሁልጊዜ የምጠረጥረው ንጉሡን ነው። ሽፍቶቹ ፊታቸው ቆመው ሲናገሩ የገዛ ወጣትነታቸውን ድምፅ የሰሙ ይመስለኛል። ያንን ድምፅ ነው ያስቆረጡት።

የላስታው ነገርም አለ። ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ አስገደሉ። ልጃቸው ጎበዜ ሸፈተ። ምን አድርገውት? አባቱን ገድለውበት። ይህን የማይቀበል መንደር ወሎ ውስጥ የለም። ቴዎድሮስ በ1860 ሲሞቱ ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። ሦስት ዓመት ገዝቶ በ1863 አድዋ ላይ በትግሬው ካሳ፣ በኋላ ዮሐንስ በተባሉት፣ ተሸነፈ። እሳቸውም ቢሆኑ በሽፍትነት አልፈዋል። ሦስት ንጉሠ ነገሥት በተከታታይ! ሽፍትነት ያኔ ወንጀል ብቻ አልነበረም። መሰላል ነበር። ዳሩ ግን ከመሰላሉ የወደቀው ከወጣው እጅግ ይበልጣል፤ የወደቁትን ስም የመዘገበ ዜና መዋዕል የለም።

ቴዎድሮስ የሞቱት መቅደላ ላይ ነው፤ ከተንታ ወዲያ። እዚያ ቆሜ አውቃለሁ። ቱሪስት የሚነግራችሁ ስለ ሽጉጡና ስለ እንግሊዞች ነው። የአካባቢው አዛውንቶች ግን የወሎዋን ገዢ ወርቂትን ያነሳሉ። ልጇ በንጉሡ እጅ መቅደላ ታስሮ ነበር። በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ በግዛቷ ሲያልፍ፣ አሳልፋ ልትሰጠው ትችል ነበር። አሳለፈችው። ንጉሡም ልጇን ገደሉባት። ወርቂትን ሽፍታ ብሎ የጻፈ ካለ፣ መጻፉን እንጂ ማመኑን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ሌላኛው ቃል ልሂድ። ወንበዴ።

ወንበዴ ለየት ያለ ቃል ነው። «ምን አድርገውት ወነበደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «በርባን ግን ወንበዴ ነበረ» ይላል፤ ነጥብ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው የወደቀው በወንበዴዎች እጅ ነው። ከጌታ ጋር የተሰቀሉት ሁለቱም ወንበዴዎች ናቸው። ማብራሪያ የለም፣ በማን ላይ የለም። ግዕዙ ፈያታዊ ይለዋል። የክርስቲያን ወገኖቼ እንደሚሉት፣ በቀኝ የተሰቀለው፣ ፈያታዊ ዘየማን፣ ከአዳም ቀድሞ ገነት ገባ። ይህን ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስሰማ ፈገግ ያልኩት «ገባ» በምትለው ነው። እሱም ገባ።

ጣሊያን ሲመጣ ቃላቱ ተሳከሩ። ጣሊያኖች በየጫካው የሚዋጋቸውን ሁሉ ሽፍታ አሉት። የራሳችንን ቃል ወስደው በራሳችን ላይ ማለት ነው። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 መስከረም ላይ ሲዋጉ ወደቁ። ጣሊያን አንገታቸውን ቆርጦ ሰቆጣና ኮረም ላይ ለሕዝብ አሳየ። ለጣሊያን የሽፍታ አንገት ነው። ቆሞ ላየው ሰው ግን ምን እንደነበረ ኮረምን መጠየቅ አያስፈልግም።

ያኔ ነው «አርበኛ» የሚለው ቃል ከፍ ብሎ የወጣው። አብሮትም «ባንዳ» መጣ። ባንዳ በጣሊያንኛ ቡድን ማለት ብቻ ነው፤ ጣሊያን ከአገሬው መልምሎ ያስታጠቃቸው ጭፍሮች መጠሪያ ነበር። እኛ ጋ ገብታ ሁለት ክረምት ሳታሳልፍ ከሃዲ ማለት ሆነች። ዛሬ ባንዳ ተብሎ የተሰደበ ሰው ቡድን ተባልኩ ብሎ አይጽናናም። ቃል እንዲህ ነው፤ በመጣበት ልብስ አይኖርም።

በላይ ዘለቀን ሳላነሳ ባልፍ የቦረና ሰዎች አይምሩኝም። ጎጃሞች የኛ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው፣ የተዋጋው እዚያ ነው። ትውልዱ ግን ወሎ ቦረና ነው ይባላል። አባቱ የልጅ ኢያሱ ሰው ነበሩ። ልጁ በአባቱ ደም ሸፈተ። ጣሊያን ሲመጣ ያው ሽፍታ አርበኛ ሆነ፤ ከአባይ ማዶ ጣሊያንን ዕረፍት ነሳ። ጣሊያን ሲወጣ ማዕረግና ሹመት ሲከፋፈል ቅር ተሰኘ፤ ከመንግሥት ጋር ተጣላ። እንደገና ሽፍታ። ጥር 4 ቀን 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ዛሬ ደግሞ በስሙ መንገድ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሽፍታ፣ አርበኛ፣ ሽፍታ፤ ከሞተ በኋላ ጀግና። ሰውየው መሣሪያውን አላስቀመጠም፣ ጠባዩንም አልለወጠም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ነው የተለዋወጠው።

ቃሉ ከአገርም ወጥቷል። በፈረንጆቹ ከ1963 እስከ 1967 ኬንያ ሰሜናዊ ክፍሏ ላይ ካሉ ሶማሌዎች ጋር ስትዋጋ፣ መንግሥት ተዋጊዎቹን የጠራቸው «ሽፍታ» ብሎ ነው። ጦርነቱ ራሱ እስከ ዛሬ የሽፍታ ጦርነት ይባላል። እዚያው ኬንያ፣ ዋጂርና ጋሪሳ ላይ ይህች የአማርኛና የትግርኛ ቃል ምን ዓይነት ቁስል እንዳላት ሳስብ እገረማለሁ። ድንበሩን ስትሻገር «ምን አድርገውት?» የሚለው ጥያቄ ከኋላ ቀርቷል። የኬንያ መንግሥትም ቃሉን የመረጠው ለዚህ ይመስለኛል። ተገንጣይ ካልከው ጥያቄ አለው፤ ሽፍታ ካልከው ዘራፊ ነው፣ አለቀ።

ደርግ ግን ሽፍታ አላለም። ወንበዴ አለ። ልጅ ሆኜ ከቤታችን ሬዲዮ በቀን በቀኑ የምሰማት ቃል ናት። «የወንበዴው ቡድን ተደመሰሰ።» አባቴ ሬዲዮኑን ዝቅ ያደርግና፣ «በየቀኑ ይደመሰሳል፣ በየቀኑ ይቀርባል» ይል ነበር፤ ያውም ግራ ቀኙን አይቶ። ደርግ ለምን ሽፍታ እንዳላለ አሁን የሚገባኝ ይመስለኛል። ሽፍታ ካለ የሰሜን ገበሬ ምን አድርጋችሁት ብሎ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ሽፍታ ይነግሣል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ወንበዴ ግን አይነግሥም ተብሎ ታሰበ። በ1983 ወንበዴውም ነገሠ። እነሱ ራሳቸውን ታጋይ ይሉ ነበር። ቤተ መንግሥት ከገቡ በኋላ እነሱም በተራቸው ለሌላው ስም አወጡ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባሳጥር ይሻላል። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ድረስ ሲገባ፣ ከዚያም በኋላ በቀጠለው፣ ስንት ቃል ተፈበረከ! ሁሉም ወገን ለሌላው አለው። እዚህ አልደረድራቸውም። እናንተም ዝርዝሩ በየቤታችሁ አላችሁ፤ አንዳንዱን አስተያየት መስጫው ላይ እንዳትጽፉብኝም እለምናለሁ። እኔ የምላችሁ አንዲት ነገር ብቻ ናት። ከአዲሶቹ ቃላት አንዱም መመለሻ የለውም። ሁሉም ይወጣባቸዋል እንጂ አይገባባቸውም።

ዜናው ደግሞ በጣም ጠንቃቃ ነው። «ታጣቂዎች» ይላል። «ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች።» ታጣቂ ምን ዓይነት ቃል ነው? ወገቡ ላይ ያለውን ብቻ የሚናገር ቃል። ለምን እንደታጠቀ፣ በማን ላይ እንደታጠቀ፣ ማን እንዳስታጠቀው ዝም። ጋዜጠኛውን አልወቅስም፤ እሱም ቤቱ ልጆች አሉት።

ከተማው በበኩሉ የራሱን ሠርቷል። ወሮበላ የሚለውን ሰንጥቃችሁ እዩት፤ ወሮ በላ። የዘማች ቃል ነው፤ ዛሬ የመናኸሪያ ጉልበተኛ መጠሪያ ሆኗል። ዱርዬ ከዱር ወጥቶ አስፋልት ላይ ቆሟል፤ ዱር አይቶ የማያውቅ የሰፈር ልጅ ዱርዬ ይባላል። ማጅራት መቺ ግን ሐቀኛ ቃል ነው። የሚያደርገውን በዝርዝር፣ የት ላይ እንደሚያደርገው ጭምር ይናገራል።

አንድ የራሴን ልጨምር። የት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ይለፈኝ። የተሳፈርኩበትን አውቶቡስ ሰዎች አስቆሙት። አራት ናቸው፤ ሁለቱ መሣሪያ አላቸው። ሁላችንንም አስወርደው ስልክና ብር ሰበሰቡ። አንደኛው ከልጄ ብዙም የማይበልጥ ነው። የእኔን ስልክ ሲወስድ «ይቅርታ ጋሼ» አለኝ። በአላህ እምላለሁ ብሎኛል። ከለቀቁን በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል የሚተነፍስ አልነበረም። ከዚያ ክርክር ተነሳ። ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ስም። አንዱ ሽፍቶች ናቸው አለ። ሌላው የለም፣ እነዚህ ሌቦች ናቸው አለ። ከኋላ አንዲት እናት፣ «አጋች ቢሆኑ ይዘውን ይሄዱ ነበር፤ አልሃምዱሊላህ በሉ» አሉ። አጋች! እገታ የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህ ብር ብቻ ወስዶ የሚለቅ ሰው ምስጋና ይቸረዋል።

እኔ አፌን አልከፈትኩም። የማስበው ያንን «ይቅርታ ጋሼ» ነበር። ምን አድርገውት ይሆን? ይህን በማሰቤ በራሴ ተናደድኩ፤ ስልኬን እኮ ነው የወሰደው። ፎቶዎቼ፣ የእናቴ ድምፅ የተቀዳበት ሳይቀር ሄዷል። ቢሆንም ጥያቄው አልለቀቀኝም። የአያቴ አማርኛ ሳይሆን አይቀርም። አንዴ አፍ የፈታችሁበት ቃል ስትቆጡም ይከተላችኋል።

ለቅሶው ቤት ልጅቷ የጠየቀችውን እንደገና አስቤበታለሁ። «ሌባ አይደለም» ብሎ ማለፍ አሁን ይከብደኛል። መንገድ ላይ ቆሜ ስልኬን የሰጠሁ ሰው ነኝ። የበርበሬ ነጋዴውን ፊት ትንሽ አይቻለሁ። ግን ደግሞ የእናቴ አጎት ከገባ በኋላ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ጣት አልቀሰረበትም። የሟቹ ልጆች ሠርጉ ላይ በልተዋል። ሲሞት ቀብሩን ከቆፈሩት አንዱ የሟቹ የወንድም ልጅ ነው። ሌባ ቢባል ኖሮ ይህ ሁሉ በየት በኩል ይገባ ነበር?

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚኒባስ ስንወርድ ሬዲዮው የስፖርት ወሬ ያወራል። ጋዜጠኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የተጫዋቹ ልብ ወደ ስፔን ሸፍቷል!» አለ። የስፖርት ጋዜጠኞች ይህችን ቃል ይወዷታል። ክረምት በመጣ ቁጥር የስንቱ ልብ ይሸፍታል።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ጭናቸው ላይ ዶሮ ይዘዋል። ቀና ብለው ሹፌሩን አዩት።

«ማነው የሸፈተው ልጄ?»

«ተጫዋች ነው እማማ። የኳስ።»

«በማን ላይ ሸፈተ?»

ሹፌሩ ትንሽ አሰበ። «በክለቡ ላይ።»

«ምን አድርገውት?»

«ደሞዝ አልጨምርም ብለውት።»

አሮጊቷ ዶሮዋን አመቻቹና መስኮቱን እያዩ፣ «ሽማግሌ ይላኩበታ» አሉ።